ያቺ ብርሃን የማን ናት? የሕዋ ንግድን ስለ መማር



ባለፈው የረመዷን ዋዜማ ከመግሪብ በኋላ ብዙዎቻችን ከዶርም ጀርባ ባለው ሜዳ ቆመን ወደ ምዕራብ ስናይ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ደመና ስለነበር ጨረቃዋን ሳናያት ቀረን፤ እንደ ሁልጊዜው ስልካችንን ከፍተን ዜናውን ጠበቅን። ደመናው ገለጥ ባለበት በኩል ግን አንዲት ብርሃን ቀጥ ብላ ስታልፍ አየን። አውሮፕላን እንዳንላት መብራቷ ብልጭ ድርግም አይልም፤ ኮከብ እንዳንላት ትሄዳለች። አንድ የፊዚክስ ተማሪ ወንድማችን "ሳተላይት ናት" አለና በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ መሬትን እንደምትዞር፣ ለምን እንደማትወድቅም አስረዳን። ማሻአላህ አልን። ያኔ ከእህቶች በኩል አንዲት የአካውንቲንግ ተማሪ "እሺ፣ የማን ናት? ማን ከፍሎባት ወጣች? ምንስ ታስገባላቸዋለች?" ብላ ጠየቀች። ወንድማችን ዝም አለ። እኛም ዝም አልን።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ዝምታ የመጣ ነው። አቋማችንን አስቀድመን እንናገር። የሕዋ ንግድ፣ ማለትም ሳተላይት መሥራት፣ ማምጠቅ፣ ማከራየትና ከሳተላይት የሚገኘውን መረጃ ወደ አገልግሎት ቀይሮ መሸጥ፣ በዩኒቨርሲቲያችን ሊሰጥ የሚገባው ትምህርት ነው። ትምህርቱም ለመሐንዲሶች ብቻ ሳይሆን ለአካውንቲንግ፣ ለኢኮኖሚክስ፣ ለማኔጅመንት፣ ለሕግና ለግብርና ተማሪዎች ጭምር መሆን አለበት። እስኪሰጥ ድረስም ቁጭ ብለን የምንጠብቅበት ምክንያት የለም።

ገበያው ቤታችን ጣሪያ ላይ ነው

ሕዋ ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ጨረቃ ላይ የረገጠ ሰው ነው። የሕዋ ገበያ ግን ከዚያ ይልቅ ለቤታችን ይቀርባል። ቤተሰቦቻችን ጣሪያ ላይ ያለውን ዲሽ አስቡት። ብዙዎቹ ዛሬ የዞሩት ወደ ኢትዮሳት ነው። ኢትዮሳት የራሳችን ሳተላይት የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ነገር ግን ቻናሎቹን የሚያሰራጨው ኤስኢኤስ የተባለ ድርጅት ሳተላይት ነው። ኤስኢኤስ የማን ነው? የሉክሰምበርግ ነው። ሉክሰምበርግ እንደ እኛ ባሕር በር የላትም፤ ሕዝቧ አንድ ሚሊዮን አይሞላም፤ የሮኬት ማምጠቂያ ጣቢያም የላትም። ድርጅቱ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1985 ሲሆን የመጀመሪያ ሳተላይቱን በ1988 ያመጠቀው በሌላ ሰው ሮኬት ነው። ሉክሰምበርግ የነበራት ፈቃድ የሚሰጥ ሕግ፣ ገንዘብ የሚያሰባስብ ሰውና "ቻናል ያላቸው ሰዎች ቦታ መከራየት ይፈልጋሉ" የሚል ስሌት ነው። ዛሬ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን የምናየው ፕሮግራም በዚያ ስሌት በኩል ያልፋል። ኪራዩ ደግሞ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ነው።

ዘርፉን የሚያጠኑ ሰዎች ሥራውን በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል። የመጀመሪያው ሳተላይቱንና ሮኬቱን ሠርቶ ማምጠቅ ነው። ሁለተኛው የመጠቀውን ሳተላይት ከምድር ሆኖ መምራትና አቅሙን ማከራየት ነው። ሦስተኛው ከሳተላይት የሚወርደውን ምልክትና መረጃ ተጠቅሞ ለሰዎች አገልግሎት መስጠት ነው፦ ቴሌቪዥን፣ ኢንተርኔት፣ ካርታ፣ የአየር ትንበያ፣ የሰብል ክትትል፣ መድን። የመጀመሪያው ደረጃ ካሜራ ይስባል፤ ገንዘቡ በብዛት ያለው ግን በታች በኩል ነው። ታክሲ በስልካችን ስንጠራ አሽከርካሪው የት እንዳለ የሚያሳየን አገልግሎት የሚኖረው የጂፒኤስ ሳተላይቶች ስላሉ ነው። አገልግሎቱን የሠሩት ወጣቶች ግን ሮኬት ነክተው አያውቁም።

መሐንዲሱ ትክክል ሆኖ ነጋዴው ሲሳሳት

"ኢንጂነሪንጉ ካለ ንግዱ በራሱ ይመጣል" የሚል ሰው ካለ የኢሪዲየምን ታሪክ ይስማ። በዓለም ዙሪያ በቢዝነስ ትምህርት ቤቶች ውስጥ በተደጋጋሚ የሚነሳ ታሪክ ነው።

ኢሪዲየም በሞቶሮላ የተጠነሰሰ ዕቅድ ነበር። 66 ሳተላይቶች በዝቅተኛ ምሕዋር መሬትን ይከባሉ፤ ሰው በረሃ መካከልም ይሁን ውቅያኖስ ላይ ስልክ ይደውላል። መሐንዲሶቹ ቃላቸውን ጠበቁ። ሳተላይቶቹ ወጡ፣ ተገናኙ፣ ሠሩ። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1998 ተጀመረ። በነሐሴ 1999 ድርጅቱ ኪሳራ አወጀ። ወደ 5 ቢሊዮን ዶላር የፈሰሰበት ንብረት በኋላ በ25 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተሸጠ።

ምን ሆነ? ስልኩ 3,000 ዶላር አካባቢ ያወጣ ነበር፤ እንደ ጡብ ከባድ ነው፤ ቤት ውስጥ ሲገቡበት አይሠራም። ከሁሉ የባሰው ግን ዕቅዱ ከታሰበበት እስከ ተፈጸመበት ባሉት ዐሥር ዓመታት ውስጥ ተራው ሞባይል ዓለምን አዳርሶ ነበር። ሳተላይቱ ሊያገለግለው የታሰበው ተጓዥ ነጋዴ በየደረሰበት ከተማ ርካሽ ስልክ አገኘ። ድርጅቱን በርካሽ የገዙት ሰዎች ደግሞ ያንኑ ሳተላይት ይዘው ሌላ ደንበኛ ፈለጉ፦ መርከብ፣ አውሮፕላን፣ ሠራዊት፣ የነፍስ አድን ሠራተኛ። ኢሪዲየም ዛሬም በሥራ ላይ ነው። ሳተላይቶቹ አልተለወጡም ነበር፤ የተለወጠው "ደንበኛው ማነው፣ ስንትስ ይከፍላል?" ለሚለው ጥያቄ የተሰጠው መልስ ነው።

ያ ጥያቄ የአካውንቲንጓ እህታችን ጥያቄ ነው። በሌሎች አገሮች ይህን ጥያቄ በዩኒቨርሲቲ ያስተምሩታል። በፈረንሳይ ስትራስቡርግ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የሕዋ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1987 የተመሠረተ ሲሆን መሐንዲሱን፣ የሕግ ባለሙያውንና የቢዝነስ ተማሪውን በአንድ ክፍል አስቀምጦ ያስተምራል። በካናዳ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ የአየርና የሕዋ ሕግ ተቋም የተመሠረተው በ1951 ነው፤ የመጀመሪያዋ ሳተላይት ከመምጠቋ ስድስት ዓመት በፊት መሆኑ ነው። በአሜሪካ የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲው ተንደርበርድ ትምህርት ቤት የሕዋ ዘርፍ አመራርን፣ ንግድንና ፖሊሲን በማስተርስ ደረጃ ይሰጣል። የሉክሰምበርግ ዩኒቨርሲቲም ኢንጂነሪንግን ከንግድ ጋር ያጣመረ የሕዋ ማስተርስ አለው። እነዚህ ቦታዎች የሚያስተምሩት ሮኬት መሥራትን ብቻ አይደለም። አንድ ሳተላይት ከመምጠቁ በፊት መድኑ እንዴት እንደሚሰላ፣ የሬዲዮ ሞገድ ፈቃድ ከዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ጋር እንዴት እንደሚመዘገብ፣ ከመንግሥት ጋር ውል እንዴት እንደሚታሰር ጭምር ነው።

ከሳተላይት እስከ ዋጂር ግመል

"ይህ ሁሉ የሀብታም አገር ወሬ ነው" የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን። ስለዚህ ከደጃችን አንድ ምሳሌ እናንሳ።

የአርብቶ አደሩ ሀብት ከብቱ ነው። ድርቅ ሲመጣ ሀብቱ በአንድ ወቅት ያልቃል። መደበኛ መድን ሊረዳው አይችልም፤ ምክንያቱም የመድን ሠራተኛ በየበረሃው እየዞረ የሞተ ከብት ሊቆጥር አይችልም፣ ወጪው ከካሳው ይበልጣል። በናይሮቢ ያለው ዓለም አቀፍ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋምና አጋሮቹ ሌላ መንገድ አሰቡ፦ የሞተ ከብት ከመቁጠር የሣሩን አረንጓዴነት ከሳተላይት መለካት። በአንድ አካባቢ ያለው ልምላሜ ከብዙ ዓመት አማካይ በተወሰነ መጠን ዝቅ ካለ፣ መድን የገባ ሁሉ ይከፈለዋል። ማንም መጥቶ አይቆጥርም፤ ማንም አይከራከርም። ሥራው እ.ኤ.አ. በ2010 በሰሜን ኬንያ ማርሳቢት ተጀመረ፤ በ2012 ደግሞ በኦሮሚያ ኢንሹራንስ በኩል ወደ እኛ ቦረና መጣ።

በኬንያዋ ዋጂር ግን አንድ ችግር ነበር። ሕዝቡ በአብዛኛው ሙስሊም ነው፤ ወለድና ጀሃላ አለበት ብሎ የሚያስበውን መድን አይገዛም። በ2013 ታካፉል ኢንሹራንስ ኦፍ አፍሪካ የተባለው ድርጅት ያንኑ የሳተላይት መለኪያ በታካፉል መልክ አቀረበው። አርብቶ አደሮቹ መዋጮ ያዋጣሉ፤ ገንዘቡ የጋራቸው ነው፤ ድርቅ ሲመጣ ከጋራው ገንዘብ ይከፈላቸዋል፤ ድርጅቱ የሚወስደው የማስተዳደሪያ ክፍያ ነው። በቀጣዩ ዓመት 2014 የመጀመሪያው ክፍያ ለአርብቶ አደሮቹ ተሰጠ።

ይህን ሰንሰለት እስቲ ቀስ ብለን እንየው። በላይ በኩል የሌላ አገር ሳተላይት አለ፤ መረጃውም በነፃ የሚገኝ ነው። የአሜሪካው ላንድሳት ምስሎች ከ2008 ጀምሮ፣ የአውሮፓው ሴንቲኔል ሳተላይቶች መረጃም ከ2014 ወዲህ ለማንም ክፍት ነው። በታች በኩል የዋጂር ግመል አለ። በመካከል ያለው ሥራ ሁሉ የሰው ዕውቀት ነው፦ መረጃውን የሚተነትን፣ የክፍያውን ጣሪያ የሚያሰላ፣ ውሉን የሚጽፍ፣ የሸሪዓ ሚዛኑን የሚመረምር፣ በሕዝቡ ቋንቋ የሚያስረዳ፣ በሞባይል ገንዘብ የሚልክ። ከሳተላይቱ በታች ባለው በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ሮኬት የሠራ ሰው አንድም የለም። እኛ ጀመዓ ውስጥ ግን እነዚህን ዲፓርትመንቶች የሚማሩ ወንድምና እህቶች ሁሉ አሉ።

ችግር የለበትም አንልም። ሳተላይቱ "አካባቢው ለምለም ነው" ሲል የአንዱ አርብቶ አደር ግጦሽ ደርቆ ሊሆን ይችላል፤ ያ ሰው መዋጮውን ከፍሎ ካሳ አያገኝም፣ በቀጣዩ ዓመትም አይመለስም። አንዳንዱ ቁጥቋጦ ከላይ ሲታይ አረንጓዴ ነው፤ ከብት ግን አይበላውም። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ በቦረናና በሶማሌ ክልል ያለቀውን ከብት ሁላችንም እናውቃለን፤ ከመካከላችን የትምህርት ቤት ወጪው ከዚያ ከብት የሚሸፈን ተማሪ ነበር። መድን የነበረው ሰው ጥቂት ነው። የጎደለው ሳተላይት አልነበረም። የጎደለው ከሳተላይቱ እስከ ሕዝቡ ያለውን መንገድ በብዛት የሚሠራ ሰው ነው።

አገራችን የት ደርሳለች?

የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ያኔ ብዙ ሰው ስቆባቸው ነበር። ከዓመታት በኋላ በእንጦጦ ተራራ ላይ የከዋክብት መመልከቻ ቆመ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም ኢቲአርኤስኤስ-1 የተባለችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን ከቻይና ታይዩዋን ጣቢያ መጠቀች። ክብደቷ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ነበር፤ ከወጪዋ አብዛኛውን ቻይና ሸፍናለች፤ የእኛ መሐንዲሶችም በሥራው ተሳትፈዋል። መቆጣጠሪያዋ እንጦጦ ነበር። በዓመቱ ሁለተኛዋ ትንሿ ሳተላይት ተከተለች።

የሚያኮራ ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ጥያቄያችን ግን ከዚህ ይጀምራል። ለእንዲህ ዓይነት አነስተኛ ሳተላይት የሚታቀደው ዕድሜ ጥቂት ዓመት ነው። ያነሳችው ምስል በየወረዳው የግብርና ባለሙያ እጅ ደርሷል ወይ? የትኛው መሥሪያ ቤት ነው ቀድሞ ከውጭ ይገዛ የነበረውን ምስል ትቶ የእሷን የተጠቀመ? ቀጣዩን ሳተላይት ከዚህ በተገኘ ቁጠባ ወይም ገቢ መሥራት ይቻላል ወይ? እነዚህ የመሐንዲስ ጥያቄዎች አይደሉም። ለሳተላይት ሥራ መሐንዲሶችን ልከን አሠልጥነናል፤ ለእነዚህ ጥያቄዎች ግን ሰው ያሠለጠንነው በጣም ጥቂት ነው።

በኤምሬትስ የሆነውን እናወዳድር። የመጀመሪያዋ ዱባይሳት በ2009 የመጠቀችው ከደቡብ ኮሪያ ድርጅት ጋር ነበር፤ የኤምሬትስ መሐንዲሶች ኮሪያ ሄደው እየሠሩ ተማሩ። በ2018 የመጠቀችውን ኸሊፋሳትን ራሳቸው በአገራቸው ሠሯት። በ2024 ደግሞ ሁለት ድርጅቶቻቸው ተዋህደው ስፔስ42 የተባለ በአክሲዮን ገበያ የሚሸጥ ኩባንያ ሆኑ። ገንዘባቸው ከእኛ ጋር አይወዳደርም፤ ያንን እናውቃለን። ሊወዳደር የሚችለው ቅደም ተከተሉ ነው፦ ከመማር ወደ መሥራት፣ ከመሥራት ወደ መሸጥ። እኛ ሁለተኛው ላይ ስንደርስ ሦስተኛውን ማን እንደሚሠራው አላሰብንበትም።

ለሚነሱት ተቃውሞዎች

አንደኛው "ሕዝብ እየተራበ ሕዋ ምን ያደርጋል?" የሚለው ነው። ጥያቄው ከንጹሕ ልብ የሚመጣ ስለሆነ አንንቀውም። እኛም ለመታየት ብቻ ሳተላይት የሚያመጥቅ አገር እንዲኖረን አንፈልግም። ነገር ግን ያነሳነው የዋጂር ምሳሌ ስለ ረሃብ ነው። ዝናቡ መቅረቱን አስቀድሞ የሚያውቅ፣ ግጦሹ ሳያልቅ የመኖ መግዣ የሚልክ ሥራ ከረሃብ ጋር የሚዋጋ ሥራ ነው። ደግሞም የምንጠይቀው ሮኬት እንዲገዛልን አይደለም። አንድ ኮርስ ነው።

ሁለተኛው "የማይገኝ ሥራ መማር ነው" የሚለው ነው። ይህ እውነት አለበት። "የሕዋ ንግድ ባለሙያ እንፈልጋለን" የሚል ማስታወቂያ በአገራችን ጋዜጣ ላይ አናይም፤ ነገ እናያለን ብለንም ቃል አንገባም። በዚህ ምክንያት ነው ራሱን የቻለ ዲፓርትመንት ይከፈት የማንለው። ተማሪው አካውንቲንጉን፣ ሕጉን ወይም ግብርናውን ይማር፤ በዚያ ላይ ይህን ይጨምር። ሥራው ባይገኝ የሚያጣው ነገር የለም፤ በባንክ፣ በመድን፣ በቴሌኮም፣ በእርዳታ ድርጅት ቢገባ ግን ሌላው የማያየውን ያያል።

ሦስተኛው ተቃውሞ የእኛው የጀመዓ ነው፦ "በዚህ ዘርፍ ሐራም ብዙ ነው።" ትክክለኛ ጥንቃቄ ነው። ለገበሬ ሰብሉን የሚያሳየው ምስል ለጦርም ይሸጣል። ብዙዎቹ ድርጅቶች በወለድ ብድር ይቆማሉ። ስለዚህ ሸሽተን እንተወው የሚለው መደምደሚያ ግን አያስኬድም። በ2013 ዓ.ም ዘምዘም ባንክ ሥራ ሲጀምር ከወለድ ነፃ ባንክን ያቆሙት ባንክን የሸሹ ሰዎች አልነበሩም፤ ባንክን ጠንቅቀው ያጠኑ ናቸው። በሕዋ ዘርፍ አዳዲስ ድርጅቶች ገንዘብ የሚያገኙበት አንዱ መንገድ ባለሀብቱ በትርፍም በኪሳራም የሚካፈልበት ድርሻ ነው፤ ፊቅህ የተማረ ሰው ከሙዳረባና ከሙሻረካ ጋር ሊያነጻጽረው ይችላል። የት ይመሳሰላል፣ የትስ ይለያል የሚለውን ጥያቄ የኛ ሰው ካልመረመረው ማን ይመረምርልናል? ምስሉን ለማን እንሸጣለን፣ ለማንስ አንሸጥም የሚለውን ለመወሰንም መጀመሪያ ሻጩ መሆን ያስፈልጋል።

ስለ ቀደምቶቻችን ስናወራ

በየዓመቱ የጀመዓችን ኤግዚቢሽን ላይ የሙስሊም ሳይንቲስቶችን ፎቶና ታሪክ እንሰቅላለን። አል-ቢሩኒ፣ አስ-ሱፊ፣ ኡሉግ ቤግ። ጥሩ ነው። ነገር ግን ሁልጊዜ የምንረሳው አንድ ጥያቄ አለ፦ ማን ከፈለ?

በ13ኛው ክፍለ ዘመን በመራጋ የቆመው የከዋክብት መመልከቻ ከቀደሙት የተሻለ ዕድሜ ያገኘው ሊቃውንቱ ስለበዙለት ብቻ አልነበረም። የወቅፍ ገቢ ተመድቦለት ነበር። ነሲረዲን አት-ጡሲ የመመልከቻው መሪ ብቻ ሳይሆን የወቅፍ ሀብትም አስተዳዳሪ ነበር። በአንጻሩ ተቂዩዲን በኢስታንቡል ያቆመው መመልከቻ በ1577 ሥራ ጀምሮ በ1580 ፈረሰ፤ የቆመው በቤተ መንግሥት ፈቃድ ነበርና ፈቃዱ ሲነሳ የሚያቆመው ነገር አልነበረም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የሊቃውንቱ ዕውቀት ብቻ አይደለም፤ የገንዘቡ ምንጭም ነው።

ወደ ዘመናችን ስንመጣም፣ በ1985 ልዑል ሱልጣን ቢን ሰልማን ወደ ሕዋ የወጣ የመጀመሪያው ሙስሊም መሆኑን ብዙዎቻችን እናውቃለን። ለምን እንደወጣ የምናውቅ ግን ጥቂት ነን። የዐረብ አገሮች በ1976 በጋራ ያቋቋሙት ዐረብሳት ሳተላይት በዚያው መንኮራኩር ተጭኖ ነበርና የደንበኛው ወኪል ሆኖ ነው የወጣው። ልዑሉ ወደ ሕዋ ለመውጣቱ ምክንያቱ የንግድ ውል ነበር።

ምን እንጠይቃለን? ምንስ እናደርጋለን?

ዩኒቨርሲቲውን የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከቢዝነስ፣ ከሕግ፣ ከግብርናና ከኢንጂነሪንግ ኮሌጆች የተውጣጡ ተማሪዎች አብረው የሚወስዱት አንድ የምርጫ ኮርስ ይከፈት። መምህር የለም የሚባል ከሆነ አራት መምህራን እየተፈራረቁ ሊሰጡት ይችላሉ፤ ትምህርቱም በባሕርዩ እንዲህ ነው። ሁለተኛ፣ በዚህ ርዕስ የመመረቂያ ጥናት የሚያቀርብ ተማሪ "ከዲፓርትመንታችን ውጭ ነው" ተብሎ አይመለስ። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዲት ጂሲ እህት በሳተላይት መረጃ ስለሚሠራ የሰብል ታካፉል ፕሮፖዛል አስገብታ "ይህ የጂኦግራፊ ነው" ተባለች፤ ጂኦግራፊ ስትሄድ "ይህ የፋይናንስ ነው" ተባለች። በመጨረሻ ስለ ባንክ ደንበኞች እርካታ ጽፋ ተመረቀች። ስለ ደንበኞች እርካታ የተጻፈ ጥናት በላይብረሪያችን ስንት እንዳለ የምታውቁ ታውቃላችሁ። ሦስተኛ፣ የሕዋ ዘርፍ ባለሙያዎች ለንግግር ሲጋበዙ ማስታወቂያው ኢንጂነሪንግ ሕንፃ ላይ ብቻ አይለጠፍ።

ከጀመዓችን የምንጠይቀው ደግሞ ያነሰም የበዛም ነው። "ሕዋ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ" ያለውን ፍሬሽማን "ጨረቃ ላይ ልትሰግድ ነው?" ብለን አንሳቅበት። ሳቁ ለእኛ የአንድ ደቂቃ ነው፤ ለእሱ ግን የዲፓርትመንት ምርጫ ቅጹን እስኪሞላ ድረስ አብሮት ይቆያል። ይህን የምንለው እኛም ከሳቁት መካከል ስለነበርን ነው።

እኛ ራሳችን ደግሞ በሚቀጥለው ሴሚስተር የጥናት ክበብ እንጀምራለን፣ ኢንሻአላህ። የመጀመሪያው ሥራችን ቀላል ነው። እያንዳንዱ በዲፓርትመንቱ አንድ ጥያቄ ይዞ ይመጣል። የሕግ ተማሪው እ.ኤ.አ. በ1967 የተፈረመው የሕዋ ስምምነት አንድ የግል ድርጅት ለሚያደርሰው ጉዳት አገሩን ለምን ተጠያቂ እንደሚያደርግ ያስረዳን። የኢኮኖሚክስ ተማሪው ሮኬት ለብዙ ደንበኞች ተጋርቶ ሲከራይ ዋጋው እንዴት እንደሚወርድ ያሳየን፤ ስፔስኤክስ በ2019 ለ200 ኪሎ ጭነት 1 ሚሊዮን ዶላር ብሎ ሲያስተዋውቅ የኛን ሳተላይት የምታህል ሁለት ሳተላይት የሚጭን ዋጋ ነበር፤ ዋጋው ከዚያ ወዲህ ጨምሯል፣ ለምን? የግብርና ተማሪዋ በነፃ ከሚገኘው የሴንቲኔል ምስል የትውልድ ወረዳዋን አውርዳ የዘንድሮውን ልምላሜ ካምናው ጋር ታወዳድርልን። የሸሪዓ ዕውቀት ያላቸው ወንድምና እህቶች የታካፉሉን ውል ይፈትሹልን። ላፕቶፕ የሌለው ከሌላው ጋር ይጋራል፤ ኢንተርኔቱ የሚፈጥነው ከፈጅር በኋላ ስለሆነ ያን ጊዜ እንጠቀማለን።

ከዚህ ክበብ ሳተላይት አይወጣም። ምናልባት አንድ ጥሩ የመመረቂያ ጥናት፣ ምናልባት አንድ ወረዳ ላይ የሚሞከር አነስተኛ የታካፉል ዕቅድ ሊወጣ ይችላል። ይህም ካልሆነ በሚቀጥለው ረመዷን ዋዜማ ሜዳው ላይ ቆመን ያቺ ብርሃን ስታልፍ "የማን ናት?" ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ አንድ ሰው ከመካከላችን ይኖራል። ከዚያም ከመልሱ ቀጥሎ የሚመጣውን፣ "የእኛስ ድርሻ የቱ ጋ ነው?" የሚለውን አብረን እንጠይቃለን።

ክበቡን መቀላቀል የምትፈልጉ ጁሙዓ ከአስር ሶላት በኋላ በጀመዓው ቢሮ አግኙን። የአካውንቲንጓ እህታችን የመጀመሪያዋ ተመዝጋቢ ናት፤ የፊዚክሱ ወንድማችንም ሁለተኛ ነው።